ሰው ሆድ ውስጥ የተሣለ ሽንፍላ

ሸነን ልሄድ ነው ስል የደሴ ሰው ሁሉ «የት ነው ደግሞ እሱ?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከካርታ ላይ ፈልጌ ነው ያገኘሁት። ከአምቦ አልፎ፣ ከጉደር ወደ ደቡብ ታጥፎ፣ ጥቁር እንጪኒን ተሻግሮ የሚገኝ የወረዳ ከተማ ነው። አገር ለማየት አልሄድኩም። ጆንያ ከእሳት ለማዳን ነው የሄድኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገመቹ የሚባል ልጅ ደሴ ሲማር አራት ዓመት ግቢያችን ተከራይቶ ኖሯል። አሁን ሸነን የባዮሎጂ መምህር ነው። ጥር ላይ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከልኝ። ተተርትሮ በተሰፋ የዱቄት ጆንያ ላይ የሰው ሆድ ዕቃ ተሥሏል፤ ጉሮሮው፣ ጨጓራው፣ አንጀቱ። ከሥሩ እንዲህ ጽፏል፦ «እትዬ ሙሉ፣ እንዲህ ያሉ ሃያ ሦስት ጆንያዎች መጋዘን ውስጥ አሉ። ዱሮ መጽሐፍ ባልነበረበት ጊዜ ለማስተማሪያ የተሠሩ ናቸው። ማን እንደሣላቸው አይታወቅም። የፊታችን ሰኞ ሳምንት የንብረት ማስወገድ ኮሚቴ ሊያቃጥላቸው ነው።»

እኔ የሥዕል አስተማሪ ነኝ። አባቴ ታፔላ ሣይ ነበር። በእኔ ልጅነት ደሴ ውስጥ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ድረስ ያለው ፀጉር ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ልብስ ሰፊ ቤት ሁሉ የአባቴ እጅ ነበረበት። ከዚያ ባነር የሚያትም መኪና መጣና አንድ በአንድ አወረዳቸው። የመጨረሻዋን ታፔላ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ወንድሜና እኔ የዶሮ ቤት በር አደረግናት። ዝጋ ተጣለች። ዛሬ «አባቴ ሠዓሊ ነበር» ብል የማሳየው አንድ ቆርቆሮ የለኝም። ስለዚህ የገመቹን መልእክት እንዳነበብኩ ከትምህርት ቤት የሳምንት ፈቃድ ጠየቅሁ። ርዕሰ መምህሩ «ለጆንያ?» አለ። «ለጆንያ!» አልኩት።

ሰኞ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከደሴ ተነሣን። ጎኔ የተቀመጡት እናት እስከ ደብረ ብርሃን የዶሮ በሽታ ሲያወሩኝ ዋሉ፤ እኔም የዶሮ ቤት ነገር አይመቸኝምና አንገቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አዲስ አበባ፣ ላምበረት መናኸሪያ ስንደርስ ወገቤ የእኔ አልነበረም። ያደርኩበት አልጋ ቤት ግድግዳ ላይ ማን እንደሣላት የማትታወቅ ዳክዬ አለች። አንገቷ ተጣሟል፣ ውሃው ግን ውሃ ነው። ሣዩ ውሃ ሲያይ የኖረ ሰው መሆን አለበት። አስተናጋጇን ብጠይቃት «እኔ ስመጣም ነበረች» አለችኝ። ያገራችን ሠዓሊ ታሪክ ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያልቃል።

ማክሰኞ

ከአስኮ ሚኒባስ ይዤ ወደ ምዕራብ። እኛ ጋ መንገድ ማለት ገደልና ጭጋግ ነው፤ እዚህ ሜዳው ተዘርግቶ፣ የጤፍ ክምሩ ተደርድሮ፣ ዓይን የሚያርፍበት አያጣም። ጊንጪ ምሳ ለመብላት ስንወርድ አንድ ሥጋ ቤት በር ላይ በእጅ የተሣለ በሬ አየሁ። ሻኛው ከራሱ ይበልጣል። ዓይኑ ግን ወደ ቢላዋው ነው የሚያየው! ቆሜ ስስቅ ባለ ሥጋ ቤቱ ወጥቶ «ምን ሆንሽ?» አለኝ። «በሬህ ያውቃል» አልኩት። ሣዩን ጠየቅሁት፤ መንገደኛ ነበር፣ ለሁለት ቀን ምሳ ሥሎት ሄደ አለኝ። ፎቶ አነሣሁ፤ ሚኒባሱ ጥሎኝ ሊሄድ ሲል ባለ ሥጋ ቤቱ በፉጨት አስቆመልኝ።

አምቦ ገብቼ ምግብ ቤት «ውሃ ስጡኝ» ብል ባለ ጋዙ መጣልኝ። ጥም ይዞኝ አንድ ትንፋሽ ስስበው በአፍንጫዬ ወጣ። አስተናጋጁ ሳይስቅ መሀረብ አቀበለኝና «እንግዳ ነዎት አይደል? እዚህ የቧንቧ ከፈለጉ የቧንቧ ይበሉ» አለኝ። ደሴ ቢሆን አምስት ሰው ይስቅብኝ ነበር።

ረቡዕ

ወደ ሸነን የምትሄደው መኪና ጤፍ፣ ሰውና ሁለት በግ ጭና ተነሣች። ከጥቁር እንጪኒ በኋላ አገሩ እየለመለመ፣ እንሰቱ ከየቤቱ ጓሮ ብቅ ብቅ እያለ፣ አየሩም እንደ እኛው ጦሳ ተራራ እየበረደ መጣ። ሸነን ወርጄ ጭቃ ውስጥ ስረግጥ የግራ ጫማዬ ሶል ተላቀቀ። ገመቹ ሊቀበለኝ ሲመጣ በአንድ እግር ቆሜ ነው ያገኘኝ። «እትዬ ሙሉ! አልተለወጡም!» ብሎ አቀፈኝ። ቤት ስንደርስ እናቱ የራሳቸውን አረንጓዴ ኮንጎ ጫማ አምጥተው፣ አጎንብሰው እግሬ ላይ አጠለቁልኝ። የቀረውን ጉዞ በሙሉ በእሱ ነው የሄድኩት።

ከዚያ መጋዘን። ጆንያዎቹ በተሰበሩ ወንበሮች ሥር ተጠቅልለው ነበር። ገመቹ አንድ በአንድ ሲዘረጋቸው ልቤ ደነገጠ። የበር ቀለም በነጭ ጋዝ አቅጥነው፣ በከሰል ከበው ነው የሠሯቸው። የመሬት ንብርብር፣ የባቄላ አበቃቀል፣ የጥርስ ዓይነት። ግማሾቹ ንጹሕና ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ፊደላቸው በማስመሪያ የተለካ። ግማሾቹ ደግሞ ነፍስ አላቸው፤ የባቄላዋ ሥር አፈሩን ሲገፋ ታዩታላችሁ። «አንድ ሰው ነው የሣላቸው» አልኩ። «መጀመሪያ ላይ ሲጠነቀቅ ነበር፣ በኋላ እጁ ተፈታ።» በጣም እርግጠኛ ነበርኩ። ጉደር ላይ ሳልፍ አንድ አሮጌ መጋዘን በር ላይ ልክ እንዲህ የተለካ ፊደል አይቼ ነበር።

ሆድ ዕቃው የተሣለበት ከሁሉም ያምራል። ገመቹ ግን ጣቱን ከጨጓራው ጎን አሳረፈና «ይሄንን ያውቁታል?» አለኝ። ጎንበስ አልኩ። ቅጠል በቅጠል የተደራረበ ክብ ነገር ነው። ፎቶው ላይ ጥላ መስሎኝ ነበር።

«ሽንፍላ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ሽንፍላ ነው። የበሬ ሽንፍላ፣ ሰው ሆድ ውስጥ።»

ሁለታችንም እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። ንብረት ክፍሉ ኦቦ ደቻሳ ግን አልሳቁም። ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ኮፍያቸውን የማያወልቁ ሰው ናቸው። «መምህርት፣ እኔ እዚሁ ነው የተማርኩት» አሉኝ። «ሚኒስትሪ ፈተና ላይ የሰውን የምግብ መፍጫ አካላት ዘርዝር ሲለኝ ሽንፍላ ብዬ ጻፍኩ። ከዚህ ነው ያጠናሁት። ስህተት የሚያስተምር ንብረት ይወገዳል፤ ባለቤቱም መዝገብ ላይ የለም።»

ለመንኳቸው፣ ተከራከርኳቸው። በመጨረሻ «ሠሪውን ፈልጊ» አሉኝ። «መጥቶ ሥራው የእኔ ነው፣ ይቀመጥልኝ ይበል። ያኔ ለኮሚቴው አቀርባለሁ። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት እሳት ይለኮሳል።»

«አብሽሩ፣ ነገውኑ አገኘዋለሁ» አልኳቸው።

ማታ የገመቹ እናት ቆጮ በጎመን አቀረቡልኝ። እነሱ ጴንጤ ናቸው፣ ረቡዕን አይጾሙም። ድስቱን ለእኔ ብለው በአመድ ፈትገው፣ በዘይት ብቻ መሥራታቸውን የነገረኝ ገመቹ ነው፤ እሳቸው ትንፍሽ አላሉም።

ሐሙስ

ጉደር። ያን የመጋዘን በር ፊደል የጻፈው ማነው ብል ሦስተኛው ሰው ኦቦ ለሚ ቤት አደረሰኝ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ደህና አደሩ ለማለት «አካም ቡልተኒ» አልኩ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ። ኮንጎ ጫማዬን አይተው «የደሴ ሰው ኮንጎ ያደርጋል እንዴ?» ብለው ሳቁ።

አባቴን ያገኘሁ መሰለኝ። ጥፍራቸው ሥር ያለው ቀለም እንኳ የእሱ ነው። በጃንሆይ ጊዜ የጠጅ ቤት ታፔላ፣ በደርግ መፈክር፣ ከዚያ ወዲህ የክሊኒክና የሞባይል ቤት ጽፈዋል። «አንዷ ቆርቆሮ ላይ ሦስት መንግሥት ጽፌአለሁ» አሉኝ። «ፍቄ አላውቅም፤ በላዩ ነው የምደርበው። ብትፍቂያት ጠጅ ቤቱ ከሥር አለ።»

ስልኬን ከፍቼ ፎቶዎቹን አሳየኋቸው። «አዎ፣ የእኔ ናቸው። ሸነን ትምህርት ቤት ተቀጥሬ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ» አሉ። በልቤ ያዝኩት አልኩ። ንጹሖቹን አንድ በአንድ አዩ፤ ጥርሱን፣ የመሬት ንብርብሩን። ባቄላዋ ላይ ሲደርሱ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ሆድ ዕቃው ላይ ሲደርሱ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«ይቺ የእኔ አይደለችም።»

«እንዴት?»

«እኔ ከመጽሐፍ ነው የምገለብጠው። መጽሐፍ ውስጥ ሽንፍላ የለም! አንቺ ሴት ነሽ፤ ሽንፍላ ዘርግቻለሁ፣ አጥቤያለሁ የሚል ወንድ አይተሽ ታውቂያለሽ? ይሄን ቅጠል እንዲህ አድርጎ የሚያውቀው እጁ የገባበት ሰው ነው።»

ፊቴ ጋለ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሽንፍላ ሳጥብ የኖርኩ ሴት፣ ይሄን ከእኔ በላይ ማን ማወቅ ነበረበት? እኔ ግን «እጁ ተፈታ» ብዬ ወንድ አድርጌው አረፍኩ።

«ጫልቱ ናት» አሉ ኦቦ ለሚ። «የትምህርት ቤቱ ጽዳት ነበረች። ብሩሾቼን ታጥብልኝ ነበር። ስታጥብ ታይ ነበር ማለት ነው። እኔ ወደ አምቦ ስዛወር መጽሐፉን ይዤ ሄድኩ፤ የቀረውን እሷ ሠራችው አሉ። አሁን እጃጂ ልጇ ቤት ናት።» ከዚያ ገብተው አንድ ብሩሽና ትንሽ ቆርቆሮ ቀይ ቀለም አመጡ። «ስጪያት። ባላመሰግናትም ሥራዋን ዐውቄዋለሁ በያት።»

ዓርብ

በጌዶ በኩል እጃጂ። መንገድ ዳር ያለች የንግድ ከተማ ናት፤ የበርበሬ ጆንያ፣ የጭነት መኪና፣ ጩኸት። የኛን ኮምቦልቻን አስታወሰችኝ፣ ሙቀቷም ጭምር። ወይዘሮ ጫልቱን፣ በአገሩ አጠራር አደ ጫልቱን፣ ከልጃቸው ሱቅ ጀርባ ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ቀጭን፣ ሰባ ያለፋቸው፣ ጣታቸው ረጅም። ልጃቸው ምሳ አቀረበች፣ ጸለዩ፣ በላን። የአንገቴን ማተብ አይተው፣ ዓርብ ነውና ለእኔ የጾም ሽሮ ሠርተዋል።

ከምሳ በኋላ ፎቶውን አሳየኋቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር።

ስልኩን ገፉት። «አሁንም አለ?»

«አለ። ሰኞ ሊቃጠል ነው። እርስዎ መጥተው ይቀመጥልኝ ካሉ...»

«ይቃጠል።»

ክው አልኩ። ልጃቸውም ደነገጠች። አደ ጫልቱ ምስራቸውን እየለቀሙ፣ ቀና ሳይሉ ነገሩኝ። ኦቦ ለሚ ከሄዱ በኋላ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ተብሎ ዳይሬክተሩ ተጨነቀ። እሳቸው እኔ እችላለሁ አሉ። ባቄላውን ከጓሮ አይተው ሣሉ፤ ዶሮውን ዶሮ አይተው ሣሉ። «የሰው ሆድ አምጪ አሉኝ። ሰው ከፍቼ አላውቅ። በሬ ግን ለስንቱ ሠርግና ተዝካር ከፍቻለሁ። ያው ነው ብዬ ሣልኩት።» ተቆጣጣሪው መጣ፣ አየ፣ መምህራኑ ሁሉ በተሰበሰቡበት ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው ቀረ። ገበያ ሲወጡ «ሽንፍላ! ሽንፍላ!» የሚላቸው በዛ። ሥራውን ትተው እጃጂ መጡ። ከዚያ ወዲህ ብሩሽ ነክተው አያውቁም።

ከኦቦ ለሚ የተላከውን ብሩሽ አወጣሁ። አልተቀበሉኝም።

እኔም ደግሞ ምላሴ አያርፍ፤ «እናቴ፣ እኛም እኮ መጋዘን ውስጥ ስቀንበታል» አልኩ። መናገሬን ገና ሳልጨርስ ጸጸተኝ። አደ ጫልቱ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ፤ ኮንጎ ጫማዬንም አዩ። «ሳቅሽ ስታበቂ ምን አልሽ?» አሉኝ።

«ያምራል አልኩ። የአባቴ ሥራ ሁሉ ጠፍቷል። አንድ እንኳ ቢቀር ብዬ ነው ከደሴ የመጣሁት።»

ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

ቅዳሜና እሑድ

አደሩበት። ቅዳሜ ጠዋት ኮንጎዬን ሳጠልቅ ሻርፓቸውን አድርገው፣ ሹራባቸውን ለብሰው መጡ። «እሄዳለሁ። ግን ለማዳን እንዳይመስልሽ። የሚቃጠል ከሆነ የማቃጥለው እኔ ነኝ። ክብሪት ይዣለሁ።» ልጃቸው «እማ!» አለች። እኔ ምን ልበል? አብረን ተሳፈርን።

ክብሪታቸውን መቀነታቸው ውስጥ ቋጥረውታል። ጉደር ላይ ኦቦ ለሚን እንያቸው ብላቸው እንቢ አሉ። እሑድ ከገመቹ እናት ጋር ቸርች ሄዱ፤ ሲመለሱ ሁለቱ እንደ እህትማማች ያወራሉ፤ የአደ ጫልቱ ክብሪት ግን አሁንም መቀነታቸው ውስጥ ነው። የዚያን ቀን እንደፈራሁ መቼም ፈርቼ አላውቅም። አቃጣዩን ራሴ ነኝ ያመጣሁት።

ሰኞ

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ተቆፍሯል። የተሰበረ ወንበር፣ የተቀደደ መዝገብ፣ ከዚያ ሃያ ሦስቱ ጆንያ ሣሩ ላይ። ኦቦ ደቻሳ ዝርዝራቸውን ይዘው ቆመዋል። አደ ጫልቱን ሲያዩ እጃቸው ወደ ኮፍያቸው ሄደ፤ አወለቁት። ራሰ በራ መሆናቸውን ያን ቀን ዐወቅሁ።

«አደ ጫልቱ?»

«ደቻሳ ነህ? አንተም አርጅተሃል።»

«እኔ...» አሉ ኦቦ ደቻሳ ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዟዟሩ። «እኔ ሚኒስትሪ ላይ ሽንፍላ ብዬ ጻፍኩ።»

«ወደቅህ?»

«አልወደቅሁም። አንድ ጥያቄ ነው የሳትኩት።»

«ለአንድ ጥያቄ ነው እስከ ዛሬ የተናደድከው?»

የተናገሩት ለራሳቸውም የደረሰ መሰለኝ። ቀስ ብለው ሣሩ ላይ ተንበረከኩ። ሆድ ዕቃ የተሣለበትን ጆንያ አራገፉት። በዚያ ረጅም ጣታቸው የሽንፍላውን ቅጠል አንድ በአንድ ነኩት፣ ትልቁን፣ መካከለኛውን፣ ከመሃሉ ያለውን ቀጭን። ክብሪቱን ከመቀነታቸው ፈትተው ይዘዋል።

«ሰው ሆድ ውስጥ መሆኑ ነው እንጂ፣ ልክ ነው» አሉ። «አንዲት ቅጠል አልሳትኩም።»

ክብሪቱን ለኦቦ ደቻሳ አቀበሏቸው። ለእኔ እጃቸውን ዘረጉ። መጀመሪያ አልገባኝም፤ ከዚያ ብሩሹን ከቦርሳዬ አወጣሁ፣ ገመቹ የቀለሙን ክዳን በቢላዋ ፈለቀቀው። ከሽንፍላው ጎን መስመር ስበው «የበሬ» ብለው ጻፉ። ወደ ታች ወርደው «ጫልቱ» ብለው ፈረሙ። ከዚያ ተነሥተው ባቄላዋም ላይ፣ ዶሮዋም ላይ ጻፉ። የኦቦ ለሚ የሆኑትን እየለዩ «ይቺ የእሱ ናት» እያሉ ዘለሏቸው።

ኦቦ ደቻሳ ዝርዝራቸውን ገለጡ። «ሠሪው ያልታወቀ» የሚለውን ሰረዙ፣ «ስህተት ያለበት» የሚለውንም ሰረዙ። «ይቀመጥልኝ ይላሉ?» ብለው ጠየቁ እንደ ደንቡ።

«ይቀመጥልኝ» አሉ አደ ጫልቱ። «ግን ሚኒስትሪ ላይ እንዳይጽፉት ንገሯቸው።»

ጆንያዎቹ አሁን ገመቹ በሚያስተምርበት ክፍል ግድግዳ ላይ ናቸው። ስመለስ አንዱንም አልያዝኩም፤ የእነሱ ናቸው። ኮንጎውን ለገመቹ እናት ልመልስ ብል «ደሴ ጭቃ የለም እንዴ?» ብለው እንቢ አሉኝ።

ከዚህ ሁሉ ሁለት ወር በኋላ ፋሲካ ሆነ። ቅርጫ ገባን፣ ሽንፍላው ለእኔ ደረሰ። ውሃ ቀድቼ፣ ጓሮ ቁጭ ብዬ፣ እንደ ልማዴ እየተራገምኩ ማጠብ ጀመርኩ። መሀል ላይ እጄን አደረቅሁና ስልኬን አምጥቼ የአደ ጫልቱን ጆንያ ፎቶ ከፈትኩ። ሽንፍላውን ዘርግቼ አስተያየሁ። ትልቁ ቅጠል፣ መካከለኛው፣ በመሃል ያለው ቀጭን፣ ከዚያ ደግሞ ትልቁ። አንድም አልሳቱም። ሃያ ዓመት ሥዕል አስተምሬያለሁ፤ ሽንፍላ ያጠብኩበት ዘመን ከዚያም ይበልጣል። አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም ነበር።